ሁለተኛውን ሰው በምን ትተካላችሁ? ከሐረርና ከድሬዳዋ ብቻን ለመጀመሪያ ጊዜ በእግር መውጣት

ሐረር ውስጥ «ብቻዬን ጋራ ልወጣ ነው» ብትሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጅቡስ?» ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ «አቦ፣ በዚህ ሙቀት? ምን ጠፍቶብህ?» ይባላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። እስካሁን ማንም ያልጠየቀኝ ግን «እግርህ ወለም ቢልስ ማን ያውቃል?» የሚለውን ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ ካለችው የአርጎባ መንደር፣ ከኮሮሚ ተነሥቼ ወደ ኤረር ሸለቆ ቁልቁል ወረድኩ። የያዝኩት አንድ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ፣ ጥቂት ቴምርና 60 ከመቶ ቻርጅ ያለው ስልክ ነበር። መውረዱ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ታች ደርሼ ልመለስ ስል ልቅ ድንጋይ ረገጥኩና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። አልተሰበረም፣ ደምም አልፈሰሰም፤ ወለምታ ነው። አብሮኝ ሰው ቢኖር ቦርሳዬን አሸክሜው፣ ትከሻውን ተደግፌ፣ እየተሳሳቅን የምንወጣው ነገር ነበር። ብቻዬን ስለነበርኩ በአንድ ሰዓት ከሩብ የወረድኩትን በአራት ሰዓት ተኩል ወጣሁት። ውሃው ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አለቀ። ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ ውሎ ጠፋ። እናቴ የምታውቀው ሐረር አክስቴ ቤት መሆኔን ነው፤ አክስቴ የምታውቀው ወደ ድሬዳዋ መመለሴን ነው። ማንም አልፈለገኝም፤ ለማንም አልጠፋሁምና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። አብሮ የሚሄድ ሰው ሳናስተውለው ብዙ ሥራ ይሠራል። ውሃ ይሸከማል። ፊታችን ሲቀላና ንግግራችን ሲዘበራረቅ ከእኛ ቀድሞ ያያል። «ይበቃናል፣ እንመለስ» ብሎ ይከራከራል። ክፉ ከመጣም ሮጦ ሰው ይጠራል። ብቻችሁን ስትወጡ ይህ ሁሉ ሥራ የትም አይሄድም፤ አንዱን ለወረቀት፣ አንዱን ለሰዓት፣ አንዱን ለራሳችሁ ቀድማችሁ ማከፋፈል አለባችሁ። ዝግጅት የምለው ይህን ማከፋፈል ነው። ጫማና ቦርሳ መግዛት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቤት የሚቀረው ሰው

ከሁሉ በፊት አንድ ሰው ምረጡ። አፍቃሪ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በተባለው ሰዓት ስልክ የሚያነሣ፣ ካልተመለሳችሁም ሳይግደረደር የሚነሣ መሆን አለበት። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ «ይመጣል ባክህ፣ የት ይሄዳል» የሚል ጓደኛ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለሌላ ሥራ ወርቅ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ እናት፣ ታላቅ እኅት ወይም ትንሽ ነገር የሚያስጨንቀው የሥራ ባልደረባ ይሻላል። እዚህ ላይ ጭንቀታም ሰው ሀብት ነው።

ለዚህ ሰው በጽሑፍ ስጡት። በቃል የተነገረ ነገር በድንጋጤ ሰዓት ይጠፋል። ከየት እንደምትነሡ፣ በየትኛው መንደር በኩል እንደምታልፉ፣ በዚያው መንገድ እንደምትመለሱ ወይስ በሌላ፣ ምን ዓይነት ቀለም ልብስ እንደለበሳችሁ፣ ያወረዳችሁ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ የት እንዳደረሳችሁ ይጻፍ። ከዚያ ሁለት ሰዓቶች ይጻፉ። የመጀመሪያው እመለሳለሁ የምትሉበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እስከዚህ ካልደወልኩ ሰው ጥራ» የምትሉበት ነው። በሁለቱ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ክፍተት ተዉ፤ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ታክሲ ይዘገያል። ሁለተኛው ሰዓት ግን ከመምሸቱ በደንብ መቅደም አለበት። በጨለማ የተጀመረ ፍለጋ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ለማን እንደሚደወልም ይጻፍ፤ የወረዳው ፖሊስ፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ፣ የምታልፉበት ቀበሌ። ቁጥሮቹን ቀድማችሁ በአካል ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ ውሰዱ፤ በዚያው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ይህን ጥያቄ በጉዞው ዋዜማ እንደገና መጠየቅ ግድ ነው፤ ባለፈው ወር ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ላይሆን ይችላል። የአካባቢው ሰው ቅር እያለው «ይቻላል» ካላችሁ አልተቻለም ማለት ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀላል ይመስላል እንጂ ሰው አሳስቷል። ስልካችሁ በፈረንጅ ሰዓት፣ እናታችሁ በሀበሻ ሰዓት የሚቆጥሩ ከሆነ «6 ሰዓት» የሚለው ቃል ብቻውን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። «ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በቀትር» ብላችሁ ጻፉ።

መውጣት ይቅደም፣ መውረድ ይከተል

የመጀመሪያው ብቸኛ ጉዞ የሚመረጥበት መለኪያ ውበት ባይሆን ደስ ይለኛል። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ከባዱ ክፍል የሚመጣው ሰውነታችሁ ገና ትኩስ ሳለ ነው ወይስ ከደከማችሁ በኋላ?

ጋራ ስትወጡ ተራራው ራሱ ይመክራችኋል። ደከማችሁ፣ ዞራችሁ ትወርዳላችሁ። ወደ ሸለቆ ስትወርዱ ግን ተቃራኒው ነው። ቁልቁለቱ ያታልላል፤ ትንፋሽ አይቆርጥም፣ ውሃ አያስጠማም፣ «ገና ምንም አልሄድኩም» ያስብላል። ሒሳቡ የሚወራረደው ሽቅብ ስትመለሱ ነው፤ ያኔ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ውሃው ተጋምሷል፣ ጉልበታችሁም በቁልቁለቱ ተንቀጥቅጧል። በዚያ ላይ ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይለዋወጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በተጠጋ ከፍታ ላይ ናቸውና በከፍታው ልዩነት ብቻ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይለያያሉ። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ በመኪና የወረደ ሁሉ ይህን በቆዳው ያውቀዋል፤ ላይ መስኮት ዘግቶ የነበረ ሰው ታች ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ በጋዜጣ ራሱን ያራግባል። ኮሮሚ ላይ የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ ወራጅ መንገድ መርጫለሁ።

ስለዚህ ሐረር ላላችሁ ከከተማው በስተደቡብ ያለው የሐኪም ጋራ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ከላይ ሆናችሁ ስትዞሩ አሮጌው ከተማ ጁገል ከነግንቡ፣ ከነመስጊዶቹ እግራችሁ ሥር ይታያል፤ መመለሻችሁን ካርታ አይጠይቅም። ላዩ ላይ የሼህ ሐኪም መካነ መቃብር አለና ልብሳችሁም ጠባያችሁም ለዚያ የሚመጥን ይሁን። ድሬዳዋ ላላችሁ ከከተማው በስተደቡብ ያሉት ኮረብታዎች አሉ። በዚያው አቅጣጫ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ ይገኛል። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ከታወቀ ወዲህ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሰው መሣሪያዎች ወጥተውበታል። ቦታው ቅርብ ቢሆንም አቀበቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ፣ ብቻችሁን ሁለተኛው ቀን ይሁን።

ቁንዱዶ ይቆይ። ከሐረር ሰሜን ምሥራቅ በፉኛን ቢራ በኩል የሚወጣው ይህ አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ላዩ ላይ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች መኖራቸው ሰውን ይስባል፣ ይገባኛልም። ግን ደመና ሲሸፍነው የወጡበትን ጥግ ማግኘት ያስቸግራል። የአካባቢውን ልጅ መንገድ መሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእሱም እንጀራ ነው። ከባቢሌ በታች ያለው የዝሆኖች መጠለያ ደግሞ ብቻውን በእግር የሚገባበት ቦታ አይደለም። ስለ ዝሆን ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

የሚመልሳችሁ ሰዓት

ሰው በእግሩ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ሲገምት ሁልጊዜ ያሳንሳል። ዊልያም ኔይስሚት የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት። እንበልና ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 450 ሜትር ነው። ለርቀቱ 2 ሰዓት፣ ለአቀበቱ 45 ደቂቃ፣ በድምሩ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ኔይስሚት ግን የሚያስበው በስኮትላንድ ብርድ ስለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። ለሙቀቱ፣ ለማረፊያው፣ ለፎቶው፣ «ከየት መጣህ?» ብሎ ለሚያስቆማችሁ ሽማግሌ አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት፤ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የተነሣ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ10 ላይ ይመለሳል።

ለድሬዳዋ ይህ ልክ ነው። ድሬዎች ከቀትር ጀምሮ ሱቅ ዘግተው ጥላ ሥር የሚያርፉት ስንፍና ሆኖባቸው አይደለም፤ ከተማው ከሙቀቱ ጋር የተዋዋለው ውል ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ገደል ላይ መገኘት የለባችሁም፤ በተለይ በግንቦትና በሰኔ። ሐረር ላይ ትንሽ ሰፋ ያለ ጊዜ አላችሁ። በሁለቱም ቦታ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት ለጀማሪ ይመቻል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ዋናው ነገር የመመለሻ ሰዓት ነው። የትም ድረሱ የት፣ ያ ሰዓት ሲሞላ ትዞራላችሁ። ጫፉ 10 ደቂቃ ቢቀረውም። የሚከራከራችሁ ጓደኛ ስለሌለ ክርክሩን ቤት ሳላችሁ፣ በረጋ ጭንቅላት ጨርሳችሁት መምጣት ነው። እኔ ሰዓቱን በእስክሪብቶ እጄ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ያስቃል፣ ግን ስልክ ላይ የጻፉትን ማየት እየፈለጉ አለማየት ይቻላል።

ከሰዓት የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በመሆኗ ፀሐይ 13 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቅባታለች። በኅዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ትገባለች። በእኛ አገር ደግሞ ወገግታው አጭር ነው፤ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከጋራው ምሥራቃዊ ጎን ከሆናችሁ ጥላው ከዚያም በፊት ይደርስባችኋል። ለዚህ ነው ጠዋት ብትወጡም ባትሪ መያዝ ያለባችሁ፤ የግንባር ባትሪ ቢሆን እጅ ነጻ ያወጣል። የስልክ መብራት ባትሪ አይባልም።

ውሃ፣ ጨውና የራስን ጭንቅላት አለማመን

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። መጠነኛ በሆነ አየር በሰዓት ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ በድሬዳዋ ሙቀት አቀበት ላይ ግን እስከ አንድ ሊትር ሊሄድ ይችላል። ለአራት ሰዓት ጉዞ ሦስት ሊትር መያዝ፣ አንዱን ሊትር ደግሞ እንደሌለ ቆጥሮ ቦርሳ ሥር መቅበር ጥሩ ልማድ ነው። ውሃውን በሁለት በሦስት ሃይላንድ ከፋፍሉት፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል። ወጪ መንገድ ከሆነ ግማሹ ሲያልቅ ዙሩ። ወራጅ መንገድ ከሆነ ሲሶው ሲያልቅ።

ብዙ ሰው የሚስተው ጨው ነው። ላብ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሸሚዝ ላይ ደርቆ የሚቀረውን ነጭ መስመር አይታችሁታል። ለሰዓታት እያላበ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መዘባረቅ ያመጣል። ምልክቱ ከውሃ ጥም ድካም ጋር ስለሚመሳሰል ሰውየው ይብስ ውሃ ይጠጣበታል። ጨው ያለው ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም በሶ መያዝ ይህን ያቃልላል። ፋርማሲ የሚሸጠውን ኦ አር ኤስ አንድ ከረጢት መያዝም ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ካጣችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ከምንጭ ወይም ከኩሬ መጠጣት ግድ ካላችሁ ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ የሚባለውን የውሃ ማከሚያ እንደ መመሪያው ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከእነዚህ ሁለተኛው ስሙ በኦሮምኛ «ጥሩ ውሃ» ማለት ነው።

ስለ ጫትም ልናገር፤ ከአወዳይ አጠገብ ሆኖ ስለ ጫት ዝም ማለት ማስመሰል ነው። «ጉልበት ይሰጠኛል» ብሎ ቅሞ ጋራ የሚወጣ ሰው አውቃለሁ። የሚሰጠው ጉልበት ሳይሆን የድካምን ደወል መዝጋት ነው። የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የሰውነት ሙቀትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ሦስቱም በሐሩር አቀበት ላይ የማትፈልጓቸው ናቸው። ተመልሳችሁ ቃሙ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ሙቀት ሰውን የሚጥለው በድንገት አይደለም፤ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ላብ ይበዛል፣ ራስ ያዞራል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ቁርጥማትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። በዚህ ደረጃ ጥላ፣ እረፍት፣ ውሃና ጨው ያድናሉ። በሁለተኛው፣ «ፀሐይ መታው» በሚባለው ጊዜ፣ የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ሰውየው ይቀባዥራል፣ ይወላገዳል፣ ራሱን ይስታል። ያኔ የሚያድነው ሌላ ሰው ውሃ እያፈሰሰበትና እያራገበለት ቶሎ ሲያቀዘቅዘው ነው። ብቻውን የሆነ ሰው ይህን ለራሱ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ለብቸኛ መንገደኛ ሁለተኛው ደረጃ የለም ብላችሁ ያዙት፤ በመጀመሪያው ላይ መቆም ግድ ነው።

ችግሩ ሙቀት በቅድሚያ የሚያዳክመው አደጋውን ማወቅ ያለበትን ጭንቅላት ራሱን መሆኑ ነው። ድካሙን ከመሰማታችሁ በፊት ግትር ትሆናላችሁ፣ ትነጫነጫላችሁ፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ትላላችሁ። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ ቆሜ የእናቴን ስልክ ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ጮክ ብዬ እጠራለሁ። አንድ ጊዜ ሦስተኛው አኃዝ ላይ ተደናቅፌ ግራር ሥር አርባ ደቂቃ ተጋድሜያለሁ። እረኛ ቢያየኝ አበደ ይለኝ ነበር፤ ይበል።

ቆላ የምትኖሩና ሙቀቱን የለመዳችሁ ከሆነ ሰውነታችሁ ቀድሞ ያልባል፣ ጨው ይቆጥባል። ከደጋ ለእረፍት የመጣ ሰው ግን ይህን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ዓርብ ማታ ደርሶ ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ ገደል ላይ የሚወጣ ሰው የሚበልጠን በጫማው ብቻ ነው።

ደረቁ ወንዝ

ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው ወንዝ ነው ብትሉት አያምንም፤ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ድሬዳዋ ከተዳፋቱ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ በላይኛው ደጋ የዘነበ ዝናብ በየሸለቆው ተሰብስቦ በእሷ በኩል ያልፋል። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። የዘነበው ሌላ ቦታ ነው።

አሸዋማ የወንዝ ወለል ለእግር ምቹ ነው፣ ጥላም አለው፤ በዚያ መሄድ ያጓጓል። ላይ፣ በጋራው አናት፣ ጥቁር ደመና ካያችሁ ግን ውጡ። በሚያዝያና በነሐሴ አካባቢ ጭራሽ አትግቡበት። ጎርፍ የሚመጣው እንደ መኪና ድምፅ፣ እንደ ንፋስ ነው፤ ቆሻሻና ቅጠል ይቀድመዋል። ከሰማችሁ ወደ ታች መሮጥ ጥቅም የለውም፣ ከውሃ አትቀድሙም። በጎን ሽቅብ ውጡ፣ ቦርሳውን ተዉት። ከቁርጭምጭሚት ከፍ የሚል 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው መቀመጥና መጠበቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

መብረቅም አለ። በክረምት ከሰዓት ጋራ ጫፍ ላይ አትገኙ። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከጫፉ ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍም ራቁ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

ጅቡስ?

ጅብ የሌሊት እንስሳ ነው። ሐረር ላይ ከግንቡ ውጭ ሥጋ የሚጎርሰው ጅብ ሰው የለመደ ነው፤ ጋራ ላይ የምታገኙት የእሱ ዘመድ ይሁን አይሁን አይታወቅም። መልሱ አጭር ነው፤ ሳይመሽ ግቡ። ድንገት ካያችሁ አትሩጡ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ ጩኹ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የመንደር ውሻ ነው። ረዘም ያለ ዱላ ያዙ፤ ለውሻም፣ ለቁልቁለትም፣ ለወለምታም ይሆናል፣ ገጠር ውስጥ ዱላ የያዘ ሰው እንግዳም አይመስልም። ከተነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ለዚህ ነው ቦርሳዬ ውስጥ ቁራጭ ሳሙና የማይጠፋው።

እፉኝት ሰው ሲመጣ የመሸሽ ልማድ የለውም፤ ቀለሙን ተማምኖ ይተኛል። እጃችሁንም እግራችሁንም የማታዩበት ቦታ አታሳርፉ፣ ድንጋይ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩት። ከነደፈ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር ሁሉ ጉዳት ነው። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነደፈውን አካል እንዳይንቀሳቀስ ደግፉ፣ ደውሉ። ጋማቸው ብር የመሰለው ዝንጀሮዎች ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሃንስ ኩመር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ኤረር ጎታ ላይ ያጠናቸው ዓይነት፣ ማታ ማታ ገደል ላይ ነው የሚያድሩት። ምግብ አታሳዩአቸው፣ አመሻሽ ላይ ገደሉን ተዉላቸው።

ሰውስ? የጫት ማሳ ጥበቃ አለው፤ በአጥሩ ጥግ ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ ብቸኛ እንግዳ ሌባ ይመስላል። ከሩቅ ጮክ ብላችሁ «አሰላሙ አለይኩም» ወይም «አካም» በሉ። መታወቂያ ያዙ። ጥቂት ቃል ብዙ ይሠራል፤ በኦሮምኛ ጋራ ተራራ፣ ለጋ ወንዝ፣ ቢሻን ውሃ፣ ካራ መንገድ ነው፤ በሶማልኛ ውሃ ቢዮ ይባላል። ፎቶ ከማንሣት በፊት ጠይቁ። ሴቶች እኅቶቻችን ብቻቸውን ሲወጡ የሚቀርብላቸው ጥያቄ ከእኛ እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ አንድ ወዳጄ መንደር በገባች ቁጥር መጀመሪያ የምትፈልገው አሮጊት ነው። ሰላም ብላ፣ የምትሄድበትን ነግራ፣ «ስመለስ እገባለሁ» ትላለች። ቤት ከቀረው ሰው ሌላ መንደሩም ይጠብቃታል ማለት ነው።

መንገድ ሲጠፋ

ካርታውን ዋይፋይ ባለበት ስልክ ላይ አውርዱ። ስልኩ ያላችሁበትን ነጥብ የሚያውቀው ከሳተላይት ስለሆነ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ባትሪ የሚበላው ሲግናል ፍለጋው ነው፣ እንደኔ እንዳይሆንባችሁ። ትንሽ ፓወር ባንክ ካላችሁ መልካም። ጥሪ እምቢ ሲል የጽሑፍ መልእክት ያልፋል፤ ወደ ጉብታ ወጣ ብላችሁ ሞክሩ።

«ጠፋሁ እንዴ?» የሚለው ሐሳብ የመጣባችሁ ቅጽበት ላይ ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ፣ ቆሎ ቆርጥሙ፣ ለአሥር ደቂቃ አትነሡ። ሰው የሚጠፋው ከጠፋ በኋላ በሚሮጠው ሩጫ ነው። ከዚያ እርግጠኛ ወደሆናችሁበት የመጨረሻ ቦታ በመጣችሁበት ተመለሱ። «ውሃ የሚወርድበትን ተከትሎ ሰው ይገኛል» የሚባለውን እዚህ አገር አትመኑት። ሸለቆዎቹ ድንገት ገደል ይሆናሉ፤ ከአህመር ተራሮች ሰሜን የወረደው ውሃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ፣ ከሐረር በታች የወረደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው የሚሄደው፤ ሁለቱም ከሰው እየራቁ፣ ሙቀት እየጨመሩ ነው። መመለስ ካልቻላችሁ ግልጽ ቦታ ላይ፣ ጥላ ሥር ቆዩ፤ ወረቀቱ ቤት አለ፣ ሰው ይመጣል። የመጣሪያ ምልክቱ ፊሽካ ነው፦ በአንድ ደቂቃ ስድስት ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና ስድስት። ፊሽካ ከጉሮሮ ይርቃል፣ አይደክምም፤ ድሬዳዋ አሸዋ ገበያ በጥቂት ብር ይገኛል። ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን አንገት ላይ ይንጠልጠል፤ የወደቀ ሰው ቦርሳው ላይ ላይደርስ ይችላል።

ከዚያ ሌላ የሚያዘው ቀላል ነው። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ሰፊ ኮፍያ ወይም ሻሽ፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ሸሚዝ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተለብሶ የለሰለሰ ጫማ። አዲስ ጫማ በጉዞው ቀን አይመረቅም። ሸበጥማ አይታሰብም።

ስትመለሱ ገላ ከመታጠባችሁ፣ ሻይ ከማዘዛችሁ በፊት ደውሉ፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ሰዓት አንድ ሙሉ ቀበሌ ይነሣባችኋል። እናቴ አሁን ለምዳዋለች። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፍና መነጽሯን አድርጋ ታነበዋለች፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኛለች፦

«ስንት ሰዓት ላይ ልጩህ?»